አማቼ ያልኩት ጉልበት

የብሎካችን ሳምራዊት ጉልበቷን ያስቀየረችው አሟት አይደለም አሉ። ደህናውን ጉልበት ነው አውጥታ የጣለችው። እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ ሕሊና ናት። ሕሊና ማለት ግድግዳ የምትጋራኝ ጎረቤቴ ናት፤ ለእህቷ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት ወሬ ፈልጌ እንዳይመስላችሁ፤ እዚያ ጋ ስደገፍ ወገቤን ይቀለኛል። ደግሞ የኮዬ ኮንዶሚኒየም ግድግዳ ድሮም ወፍራም አልነበረም። እናቴ ዕጣ ደርሷት እልል ያለችበት ቤት ዛሬ አርጅቶ ወንፊት ሆኗል፤ ዝም ብላችሁ ብትቀመጡም ወሬው ራሱ ይንጠባጠባል።

«ደህና ጉልበቷን፣ በገዛ ፈቃዷ» አለች ሕሊና። «ልጇ ናፍቋት።»

ከዚያ ሳቀች። እኔም በዚህ በኩል አፌን ይዤ ሳቅሁ። ኋላ ግን ትዝ አለኝ፤ ሕሊና ራሷ ዳሌዋን አስቀይራ ልጇን ቤት ያስቀመጠች ሴት ናት። የሷ ዳሌ ታሞ ይሁን ናፍቆ እግዜር ይወቀው።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። የእኛ ሰፈር ልጅ የለውም። የደረሰው ሁሉ ቆላ ወርዷል፣ መስታወት እርሻ። ዓይን እስከሚያየው ድረስ መስታወት ነው አሉ። ፀሐይ ያጭዱበታል፣ ልጆቻችን ደግሞ አቧራውን ይወለውላሉ። እኛ ውሃ የምናገኘው በተራ ነው፤ መስታወቱ ጠዋት ማታ ይታጠባል። ከዚያ ለፋሲካ አይመጣም፣ ለሰርግ አይመጣም። እናቴ ናፈቀችኝ ያለ ልጅ ስክሪን ይሰጠውና መልኳን አይቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። እናት ጉልበት ወይ ዳሌ ካስቀየረች ግን የሚያስታምማት አንድ ልጅ ይለቀቅላታል። አዲሱ ጉልበት «ድናለች» እስኪል ድረስ ብቻ። ጉልበቱ ድናለች ያለ ለት ልጁን የሚመልስ መኪና ይመጣል።

እንግዲህ በሰፈራችን ሴቱ ሁሉ ሲያነክስ ብታዩ አይግረማችሁ። አንዷ አነከሰች ማለት ልጇ ቤት አለ ማለት ነው። ድሮ ሴት በወርቅ ትቀና ነበር፤ እኛ በማነከስ ነው የምንቀናናው። «አየሻት እንዴት አድርጋ እንደምትጎትተው» እንላለን፣ ምራቃችንን እየዋጥን።

የእኔ እንኳ የእውነት ነበር። አሳንሰሩ ከሞተ ስንት ዘመኑ። አምስተኛ ፎቅ ስወጣ ስወርድ ጉልበቴ አሸዋ እንደገባበት ወፍጮ ይንቋቋል። ዳቦ ልገዛ ወርጄ ስመለስ ደረጃው መሐል ቁጭ እልና ዳቦውን እዚያው ጨርሼው ባዶ እጄን እገባለሁ። ሌሊት ሕመሙ አያስተኛም። ስለዚህ ጉልበት የሚቀይሩበት ማገገሚያ ቤት ሄድኩ፣ ቀደዱኝ፣ ቀየሩልኝ።

ስነቃ አጠገቤ አንዲት ሴትዮ ቆማለች። ጥቁር መነጽር አድርጋለች፣ ፊቷ ከሰል ሆኗል፣ ግንባሯ ላይ ሽበት አለ። ነርሷ መስላኝ፣ «እህቴ፣ ልጄ መጥታ ይሆን?» አልኳት።

«እኔ ነኝ እኮ ማሚ» አለችኝ።

ሶሊያና ናት። ልጄ። ከቤት ስትወጣ ጠጉሯን እኔ ነበርኩ የሠራኋት።

ቤት ስንገባ ነው ሌላኛው የመጣብኝ። ጠዋት ገና ዓይኔን ሳልገልጥ ከቀሚሴ ሥር የወንድ ድምፅ ወጣ፤ «እማማ ናርዶስ፣ እንደምን አደሩ። አሁን ቀስ ብለን እንነሳለን።» ክው አልኩ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ከቀሚሴ ሥር ወንድ አናግሮኝ አያውቅም፤ እሱም ቢሆን በሕይወት እያለ እንዲህ አክብሮ አላናገረኝም። ጉልበቱ ነው። ሶሊያና ሳቀች፤ ከመጣች የመጀመሪያዋ ሳቅ ያቺ ናት።

አማቼ አልኩት። ሳይጠየቅ ቤቴ ገብቶ፣ አዛዥ ሆኖ፣ ደግሞ አንቱ እያለ የሚያዝ ሌላ ማን አለ? የአማች ነገር ደግሞ ይታወቃል፤ ምን ጨዋ ቢሆን መጨረሻ ላይ ልጅሽን ይዞ ይሄዳል።

አማቼ የማያዝዘው የለም። በርጩማ ላይ አይቀመጡ፣ ይላል። አይንበርከኩ። ስግደት ይቅር። ትራሱ ከጉልበት ሥር አይሁን፣ ከቁርጭምጭሚት ሥር ይሁን፣ እግሩ ይዘርጋ። ደረጃ ሲወጡ ደህናውን እግር ያስቀድሙ፣ ሲወርዱ የታመመውን። ሽንት ቤት መቀመጫው ላይ ሌላ መቀመጫ ተደርቦበት ነገሥታት የሚቀመጡበት መሰለ። ጉልበቴ እንጀራ እንደተጋገረበት ምጣድ ይግላል፤ ሶሊያና በረዶ በፎጣ ጠቅልላ ታስቀምጥበታለች። ስራመድ ውስጡ «ቀጭ» ይላል፣ በር እንደሚቆልፍ ሰው።

ሶሊያና ደግሞ የራሷ አመል ይዛ መጥታለች። ጎህ ሳይቀድ ትነሳና መስኮት ትወለውላለች። ንፁህ ነው ብላት አትሰማም። የኛን ስትጨርስ የሕሊናን፣ የሕሊናን ስትጨርስ የደረጃውን። እጇ ራሱ ነው የሚሄደው። ሰፈሩ መጀመሪያ ወሬ አደረጋት፣ ኋላ ተመቸው፤ «ሶሊ፣ ወደኛም ብቅ በይ» ማለት ጀመሩ። ቤት ውስጥም መነጽሯን አታወልቅም። ለምን አልኳት። «ብርሃን ነው ማሚ» አለች፣ ሌላ አልጨመረችም። መብራት እንኳ አልበራም ነበር።

ከቁርስ በኋላ እግሬን ታጥፈዋለች። ይህንን ያልቀመሰ አያውቀውም። ምጥ ይሻላል፤ ምጥ መጨረሻ ላይ ልጅ ይሰጣል። እኔ አለቅሳለሁ፣ እሷ ትገፋለች። «ማሚ፣ ካልታጠፈ ይደርቃል» ትላለች። «ከደረቀ ዕድሜሽን ሙሉ እንደ ብትር ነው የምትሄጂው።» አማቼ ደግሞ ከሥር፣ «ጎበዝ፣ እማማ ናርዶስ። ከትናንት ይሻላል» ይላል። ከትናንት ይሻላል ማለት መኪናው አንድ መንደር ቀረበ ማለት ነው።

ይህንን ያየችው ቤዛዊት ናት። ቤዛ ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛዬ ናት፤ አንድ ላይ ነው ከትምህርት ቤት ያባረሩን፣ ሁለታችንም ስናወራ። ዳሌዋን ከሁላችን ቀድማ ነው ያስቀየረችው። ያኔ ገና ዘዴውን የሚያውቅ አልነበረም፤ ጨዋ ሆና እንደታዘዘችው ተንቀሳቅሳ ቶሎ ዳነች። ልጇን ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ሌላ የሚቀየር ዳሌ አላት፣ ግን ሐኪሙ እሱ ደህና ነው አላት። «ደህና ሆኖ ገደለኝ» ትላለች።

አንድ ቀን መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና አፏን ጆሮዬ ላይ አደረገች፣ አማቼ እንዳይሰማት።

«አንቺ ናርዲ፣ እሱ አንቺ ስትተኚ ነው የሚተኛው» አለችኝ። «ጋደም ካልሽ እንቅልፍ የወሰደሽ ይመስለዋል። ብርድ ልብስ ሥር ብታጣጥፊው መገላበጥ ነው ብሎ ያልፈዋል። ተኝተሽ ዳኚ፣ ቆመሽ ታመሚ።»

እግዜር ይስጣት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የኛ ቤት ሁለት ናርዶስ ነበሩት። ቀን ቀን የብረት መደገፊያዬን ይዤ ኮሪደሩ ላይ እወጣለሁ፤ አንዴ ተራምጄ አንዴ አቃስታለሁ። ሕሊና በሯን ከፍታ ታየኛለች፣ ዓይኗ ላይ ቅናት አያለሁ፣ ያ ራሱ ያድነኛል። አማቼ፣ «ዛሬ ትንሽ ቀንሰዋል። አይዞዎት» ይላል። አይዞህ አንተም፣ እለዋለሁ በሆዴ። ከምሳ በኋላ ጋደም ስል ግን ሶሊያና ከጎኔ ትገባለች፣ ብርድ ልብሱን ራሳችን ላይ እንጎትታለን፣ ከዚያ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ ታጥፋለች። እንዳንስቅ አፋችንን እንይዛለን። ሶሊያና ነገሩን አልወደደችውም፤ «በአልጋ የዳነ ሰው የለም ማሚ» ትላለች። ግን ትገባለች።

እዚያ ጨለማ ውስጥ መነጽሯን ታወልቃለች። እዚያ ነው ያወራችኝ። ምን እንደሚበሉ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን ከማን ጋር እንደሄደ፤ ቆላም ወሬ አለ ለካ፣ የኔ ልጅ ናትና ሁሉንም ይዛለች። አንድ ቀን ግን፣ «ሙሉ ቀን ራሴን ነው የማየው ማሚ» አለች። «ፊት ለፊቴ እኔ፣ በግራ እኔ፣ በቀኝ እኔ። ስንቆይ ሰው ማየት ያስፈራናል።» ጉልበቴን ይዛ ነበር፤ እጇን ያዝኩት፣ ቆዳው እንደ መስታወቱ ልስልስ ብሎ አልቋል።

ሳምራዊት ግን ይህን ዘዴ አላመነችም። ቤዛ ሄዳ ነግራታለች። «ቢነቃብኝስ?» አለች አሉ። ልጇ ኢዮኤል ከመጣ ጀምሮ እግሯን አላነቃነቀችም። ጣቷን እንኳ። ጀርባዋን አልጋው ላይ ጥላ፣ ልጇን ዓይን ዓይኑን እያየች ትውላለች። እሱ ያጎርሳታል፣ እሱ ያጥባታል፣ ተነሺ ሲላት «ቆይ ነገ» ትለዋለች። እኛም አላማረንም። ተኝታ ትበላለች፣ ንግሥት ሆነች፣ አልን። እኔ በሽቄ ነበር ያልኩት፤ እኔ ኮሪደር ለኮሪደር ሳቃስት እሷ ያለ ልፋት ልጇን ይዛ ስትቀመጥ።

አንድ ጠዋት ጩኸት ሰማን። ግድግዳ አያስፈልገውም፣ ብሎኩ ሁሉ ሰማ። ሳምራዊት ቁርሷን እየጎረሰች ነው የሄደችው። ደሙ እግሯ ውስጥ ረግቶ፣ ከዚያ ተነስቶ ሳንባዋ ገባ አሉ። ጉልበቷ ደህና ነው። ሬሳዋን ሲያጥቡ ጉልበቷ፣ «እማማ ሳምራዊት፣ ዛሬ ምንም አልተንቀሳቀሱም» ብሏል ብላ ሕሊና ምላለች። ሕሊና ትዋሻለች፤ ይህንን ግን የዋሸች አይመስለኝም።

ሶሊያና ይህንን ሰምታ ስትገባ መወልወያ ጨርቋን እንደያዘች ነበር። እግሬ ሥር ቁጭ አለች።

«ከዛሬ ጀምሮ ቆመሽ ትሄጃለሽ» አለችኝ።

እኔ ሳምራዊት አይደለሁም አልኳት፤ ብርድ ልብስ ሥር እየሠራን አይደል፣ ይታጠፋል አይደል። አልበቃትም። ያ መታጠፍ ነው፣ መሄድ አይደለም፣ ደም በመታጠፍ ብቻ አይዞርም አለች። ጉልበቱ የኔ ነው፣ አንቺን ምን አገባሽ አልኳት። ድምፃችን ከፍ አለ፤ አማቼ፣ «እማማ ናርዶስ፣ ይረጋጉ» አለ፤ ሁለታችንም አንድ ላይ «ዝም በል» አልነው።

ከዚያ ሶሊያና መነጽሯን አወለቀች። በቀን ብርሃን። ዓይኗ ዙሪያው ቀልቷል።

«ልቀብርሽ አይደለም የመጣሁት» አለች።

ዓይኗን ጠርጋ መነጽሯን መልሳ አደረገች። ከዚያ ለለቅሶ ነጭ ነጠላዬን አወጣችልኝ።

ድንኳኑ የተተከለው በብሎኮቹ መሐል፣ ድሮ መኪና ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ነው። ሶሊያና ደግፋ አወረደችኝ፣ የታመመውን እግር እያስቀደምኩ። ቤዛ ታች ጠበቀችኝ። ድንኳኑ በር ላይ ቀሚሴን ያዘችና ወደ ጥግ ሳበችኝ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች። «ቁጭ ካልሽ ቁጭ ነው። ድንኳኑ ራስሽ ላይ ቢወድቅ እንዳትነሺ። ለቅሶ ነው፣ ሰው ይበዛል፣ እሱ ደግሞ መነሳትሽን ይቆጥራል።»

እሺ አልኩ። ቁጭ ልል አይደል የመጣሁት። እግዜር ምስክሬ ነው፣ ከልቤ ነበር እሺ ያልኩት።

የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከፊቴም ከጎኔም የሰፈሩ ሴት ሞልቷል፤ ሁሉም የተቀየረ ጉልበት ወይ ዳሌ ያለበት፣ ሁሉም ልጁን ውጪ ያቆመ። ሕሊናም አለች። ንፍሮ ዞረ። ከዚያ የሳምራዊት ታላቅ ወንድም ከደብረ ብርሃን ደረሱ። ሽማግሌ ናቸው፣ በከዘራ ነው የሚሄዱት፣ እህታቸውን አፈር ሊያለብሱ ነው የመጡት። ድንኳኑ በር ላይ ብቅ ሲሉ፣ «ኖር!» አልኩና ተነሳሁ።

እኔ አላዘዝኩም። ወገቤና እግሬ ናቸው ተማክረው የተነሱት። ገና አራስ ቤት ሆኜ እናቴ ስትነሳ አብሬያት ተነስቼ ይሆናል። ሽማግሌው፣ «በእግዜር፣ በእግዜር፣ ተቀመጡ» አሉ፤ ተቀመጥኩ፤ ቤዛ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። አመመኝ። ዳግመኛ አልነሳም አልኩ። ወዲያው የሟች አበልጅ ገባች፤ ተነሳሁ። ከዚያ ቄሱ። ከዚያ የእድሩ ዳኛ። ከዚያ የማላውቃቸው ሰዎች፤ ለማያውቁት ሰውማ ይብሳል። ጠላቴ ገባች፣ ከሰባት ዓመት በፊት የተጣላኋት፣ ለሷም ተነሳሁ፤ ለሷማ ባልነሳ ደስ ይላታል።

አንዴ እንደተነሳሁ አማቼ ድምፁን አወጣ። «በጣም ጥሩ ነው፣ እማማ ናርዶስ። ይቀጥሉ።» ሳል መስዬ ሸፈንኩት። ግን ከፊት ለፊቴም፣ «በጣም ጥሩ» አለ። ከሕሊና ሥርም፣ «ጎበዝ» አለ። ሰው በገባ ቁጥር ድንኳኑ ይነሳል፣ ድንኳኑ ይቀመጣል፣ ከየቀሚሱ ሥር ወንዶቹ ያመሰግኑናል። ጎበዝ። ይቀጥሉ። ከትናንት ይሻላል። አንዷ ሳቀች፤ ሁለተኛዋ ተከተለቻት፤ ለቅሶ ላይ መሆናችንን ረስተን ሳቅን። ከዚያ ነገሩ ሁላችንንም እኩል ገባን፤ በተነሳን ቁጥር እየዳንን ነው። ፊታችን ላይ ይታያል። እያንዳንዷ ወንበሯን ይዛ፣ «ከአሁን በኋላ አልነሳም» ስትል አያለሁ። ኢዮኤል፣ የሟች ልጅ፣ ሬሳ አጅቦ ሊወጣ ሲል በመሐላችን አለፈ።

ተነሳን። ምን እናርግ። እናቱ ሞታበት።

ማታ አልጋዬ ላይ ጋደም እንዳልኩ አማቼ እንደ መዘመር አደረገው። «እንኳን ደስ አለዎት፣ እማማ ናርዶስ። ድነዋል።» ሶሊያና ሰምታለች፤ ሻንጣዋን ከቁምሳጥኑ ላይ ስታወርድ ድምፁን ሰማሁ። እንዳትሄጂ ብዬ አልለመንኳትም፣ በሷ እጅ አይደለም። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። በዚያ በኩል ሕሊና ታለቅሳለች፤ የሷም ዳሌ ድነዋል ብሏታል። ለማንም በስልክ አልነበረም የምታወራው። አንድ ጊዜ ግድግዳውን በመዳፌ መታ መታ አደረግሁት። መልሳ መታችው።

መኪናው የሚመጣው በሠልስቱ ነው ተባለ፤ የኢዮኤል የለቅሶ ፈቃድ የሚያልቀው ያን ቀን ነው፣ ልጆቹን ሁሉ በአንድ ጉዞ ለመውሰድ። ቁጠባ ነው እንግዲህ።

የሠልስቱ ጠዋት ሶሊያና መስኮቶቹን ወለወለች። የኛን፣ የሕሊናን፣ የደረጃውን፤ የሳምራዊትንም ጨመረች። ከዚያ መጥታ ፊቴ ተንበረከከች። ለስንብት ነው፣ የእናት ጉልበት ሊሳም። የታመመውን ነው የመረጠችው፣ ጠባሳውን። ጎንበስ ስትል አማቼ፣ «እባክዎ፣ ጉልበቱ ላይ ጫና አያድርጉ» አለ። ሳመችው።

ሐኪሞቹ ነግረውኝ ነበር፣ እዚያ ጠባሳው ዙሪያ ቆዳው አይሰማም፤ አንዳንዱ ሰው ላይ እንደዚያው ይቀራል። እውነታቸውን ነው። ከንፈሯን አየሁት እንጂ አልተሰማኝም። ሌላውን ሳሚ ልላት ነበር፤ ቀና ብላ መነጽሯን ስታስተካክል ሳያት ዋጥኩት።

ድንኳን ገባን። ልጆቹ ሻንጣቸውን ውጪ ደርድረው ቆመዋል። የድንኳኑ ጨርቅ ስስ ነው፤ ጥላቸው ይታየናል፣ የማን ጥላ የማን እንደሆነ እናት አይጠፋትም። እኔ ሶሊያናን በአቋቋሟ አወቅኋት፤ እጇ ጨርቁን ይወለውላል። ሠልስት አወጣን፣ ዳቦ ተቆረሰ።

ተከታታዩ መጣ። ተከታታይ የሚባለው የዳነችውን አይቶ ልጇን እንዲወስድ ከማገገሚያው ቤት የሚላከው ልጅ ነው፤ ኪሩቤል ይባላል፣ ሲቀይሩልኝ እጄን ይዞ የነበረ፣ መልከ መልካም፣ ጨዋ። ዛሬም ከዩኒፎርሙ በላይ ነጠላ ጣል አድርጓል። በሩ ላይ ጫማውን ረገጥ ረገጥ አድርጎ አራገፈ፣ አንገቱን ሰበረ፣ «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ገባ።

ድንኳኑ ተነሳ። ኖር፣ ኖር። ሽማግሌው በከዘራቸው ተነሱ። ኢዮኤል ተነሳ። ሕሊና፣ ሌሊቱን ሙሉ ግድግዳዬን በእንባ ያራሰችው ሕሊና፣ ነጠላዋን እያስተካከለች ተነሳች። ዓይኗን አየሁት፣ እሷም አላዘዘችም።

እኔ የወንበሩን እግር በሁለት እጄ ይዤ ነበር። ጭኔ ሊነሳ ይታገለኛል። ሰው ገብቶ ተቀምጬ አላውቅም፤ አልጋ ላይ ሆኜ እንኳ ቀና እል ነበር። ቤዛ ከጎኔ ተቀምጣ ዳቦዋን ታኝካለች፤ እሷም አልተነሳችም። ከድንኳኑ ሁለት ሴት ብቻ ተቀምጠን ቀረን።

«እማማ ናርዶስ» አለ አማቼ ከቀሚሴ ሥር፤ ጥርት ብሎ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «ይነሱ። ይችላሉ።»

ሽማግሌው ወደኔ ዞሩ። «ምነው ናርዶስ» አሉ፣ «በለቅሶ ቤት?» ከኋላ አንዷ ከንፈሯን መጠጠች። ሕፍረቱ ከአጥንቴ ገባ። ኪሩቤል ግን አልተቀየመም። በእጁ ተዋት ተዋት እያለ ሽማግሌውን አረጋጋ፤ ከዚያ ወደኔ ጎንበስ አለ፣ ፈገግ ብሎ፣ ልጅ እናቱን እንደሚያባብል።

«ጉልበትዎ እኮ ድኗል እማማ» አለኝ። «የቀብሩ ቀን ለመጣው ሁሉ ሲነሱ ውለው፣ ለእኔ ሲሆን ምነው?»

ጨርቁ ላይ የሶሊያና እጅ ቆሟል፣ መወልወሏን ትታለች፣ ትሰማለች።

ቤዛ ዳቦዋን ዋጠች። ቀና እንኳ ብላ አላየችውም፤ የተናገረችው ለሱም ለቆመውም ሁሉ ነው።

«የሚነሳው ለሚመጣ ነው ልጄ» አለች። «ለሚወስድ አይነሳም።»

የቆመው ሰው ሁሉ እንደቆመ ቀረ፤ መቀመጡም መቆሙም ጠፋው።